«ሻርክንስ ማን ፈጠረው?» ስለ አራዊት ለልጆች የምንሰጠው ትምህርት



ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆችን በምናስተምርበት በአንድ እሑድ የዕለቱ ትምህርት ስለ ፍጥረት ነበር። መምህሩ ስድስቱን ዕለታት በየተራ ከዘረዘረና እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም እንደ ነበረ ካስረዳ በኋላ፣ ልጆቹ ጥያቄ ካላቸው እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ሻርክንስ ማን ፈጠረው?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ሰይጣን ነዋ!» አለች፤ ክፍሉም በሣቅ ተሞላ። መምህሩ ልጆቹን ጸጥ አሰኝቶ፣ እንዲህ ያሉት ክፉ አውሬዎች አዳም ከበደለ በኋላ ለሰው ልጅ ቅጣት የመጡ ናቸው አለና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ።

ያ መምህር ከእኛው መካከል አንዱ ነው፤ ስለዚህም ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን ለማረም ነው። ከትምህርቱ በኋላ ተሰባስበን ስንነጋገር፣ የልጅቷ መልስ በሣቅ የሚታለፍ ቀላል ነገር አለመሆኑን ተረዳን። በጥንት ዘመን የማኒ ተከታዮች፣ መልካሙን የፈጠረ አንድ አምላክ፣ ጎጂውን ያመጣ ደግሞ ሌላ የጨለማ ኃይል አለ ብለው ያስተምሩ ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ ራሱ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእነርሱ ጋር ከቆየ በኋላ ስሕተታቸውን አውቆ ተመልሷል፤ በብዙ ጽሑፎቹም ተከራክሯቸዋል። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሃይማኖት የሚታየውንና የማይታየውን ሁሉ የፈጠረ አንድ አምላክ ብቻ መሆኑን ስትመሰክር ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት በር ትዘጋለች። ያች ልጅ ግን ሳታውቀው ያንኑ የጥንት ስሕተት ደገመችው፤ መምህሩም በችኮላ በሰጠው መልስ አላረማትም። የእምነታችን የመጀመሪያው አንቀጽ በአንድ ዓሣ ምክንያት በሕፃናት ልብ ውስጥ ሲሸራረፍ ቆመን አየን ማለት ነው።

ልጆቹ ይህን ሐሳብ ከየት አገኙት? ከፊሉን ከቴሌቪዥንና ከስልክ አገኙት፤ በዚያ የሚያዩት ሻርክ ሁልጊዜ አፉን የከፈተ፣ ታይገሩም ሁልጊዜ ሰው ለመብላት የሚዘል ነውና። ከፊሉን ደግሞ ከእኛ ከወላጆች አገኙት። እንቢ ያለውን ሕፃን «አያ ጅቦ መጣልህ» ብለን የምናስተኛው እኛው ነን። ገና በጡት ሳለ አውሬ ማለት ክፉ ማለት ነው ብለን ያስተማርነው ልጅ፣ አድጎ በድንጋይ ሲያሳድደው ብናይ ሊያስገርመን አይገባም።

ስማቸውን በትክክል መጥራት

የአዳም የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደ ነበረ እናስታውስ። ኦሪት ዘፍጥረት (2፥19-20) እንደሚነግረን፣ እግዚአብሔር የምድር አራዊትንና የሰማይ ወፎችን ወደ አዳም አመጣቸው፤ አዳምም ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው። ስም ለማውጣት ረጋ ብሎ ማየት፣ አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። እኛም ልጆቻችንን ከዚህ ማስጀመር ይገባናል።

በአገራችን ነብር የምንለው ቆዳው ነጠብጣብ ያለበትን አውሬ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ (13፥23) ከኢትዮጵያዊ ጋር አብሮ የጠራውም ይህንኑ ነው። ልጆች በሥዕል መጽሐፍ የሚያዩት ወርቃማ ቀለምና ጥቁር መስመሮች ያሉት ታይገር ግን ሌላ ነው። እርሱ ከድመት ወገን ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዱር የሚኖረው በእስያ ብቻ፣ ከህንድ እስከ ምሥራቃዊው የሩስያ ጫካ ድረስ ነው። እንደዚሁም ብዙ ልጆች ሻርክንና ዓሣ ነባሪን አንድ ያደርጓቸዋል። ዓሣ ነባሪ አየር ለመሳብ ወደ ውኃው ገጽ የሚወጣ፣ ልጆቹንም ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። ሻርክ ግን በውኃ ውስጥ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው፤ አጥንቱም እንደ ጆሯችን ተጣጣፊ እንጂ እንደ ሌሎቹ ዓሦች ጠንካራ አይደለም። ከ500 የሚበልጡ የሻርክ ዓይነቶች አሉ፤ ከእጅ ክንድ የማይረዝሙም ይገኙባቸዋል።

ይህ የሳይንስ መምህራን ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም የፈጣሪን ሥራ በውሸት መግለጥ ፈጣሪውን ያስከብረዋል ብለን አናምንም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ?

በአምስተኛው ቀን እግዚአብሔር ታላላቆቹን የባሕር ፍጥረታት እንደ ፈጠረ፣ መልካምም እንደ ሆነ እንዳየ ተጽፏል፤ ባረካቸውም። በስድስተኛው ቀን የምድር አራዊትን ፈጠረ፤ ሰውም የተፈጠረው በዚያው ቀን ነው። ለልጆች ይህን ማሳየት መልካም ነው፤ የእኛና የአራዊት የልደት ቀን አንድ ነውና። ከጥፋት ውኃ በኋላም (ዘፍ. 9፥9-10) እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን የገባው ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው ካሉት ሕያዋን ሁሉ ጋር ነው፤ የዱር አራዊትም በስም ተጠቅሰዋል። ቀስተ ደመናው የእነርሱም ምልክት ነው።

መዝሙረ ዳዊት 104 (በግሪኩ አቆጣጠር 103) የአንበሳ ግልገሎች በሌሊት የሚያገሡት ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ለመለመን እንደ ሆነ ይናገራል። መዝሙረኛው በአንበሳ ጥርስ አልተሰናከለም፤ ግሣቱን እንደ ጸሎት ሰማው። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳት መካከል ሆነው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ፣ በባሕር የሚኖሩትን ታላላቅ ፍጥረታትና የምድር አራዊትን አልተዉም። እሳቱ ሊበላቸው ሲቀርብ ስለ አውሬ ያሰቡ እነዚህ ወጣቶች ለልጆቻችን ታላቅ አብነት ናቸው።

አውሬ ሥጋ የሚበላው በአዳም ኃጢአት ምክንያት ነውን? ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ይህን ጥያቄ በግልጥ አንሥቶታል። በእርሱ ትምህርት የሰው ኃጢአት የእንስሳትን ተፈጥሮ አልለወጠም፤ ዛሬ ሥጋ የሚበሉት አንበሳና ጭልፊት ያኔ ሣር ይበሉ ነበር ማለትም ምክንያታዊ አይደለም። ስለዚህ የእኛ መምህር የሰጠው መልስ ከቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሊቅ ትምህርት ጋር የማይስማማ ነበር። ኃጢአት የለወጠው የሰውን ልብ ነው፤ ሰው እንዲያለማና እንዲጠብቅ የተሰጠውን (ዘፍ. 2፥15) እንደ ምርኮ መበዝበዝ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ታይገር ምን እናስተምር?

ልጆች ከቁጥር ይልቅ ታሪክ ይወዳሉ፤ ስለዚህ ከእናቲቱ እንጀምር። ታይገር ግልገሎቿን ለሦስት ወር ተኩል ያህል አርግዛ ትወልዳለች፤ ዓይናቸው ሳይገለጥ የሚወለዱትን ግልገሎችም ሁለት ዓመት ያህል አደን እያስተማረች ታሳድጋቸዋለች። ራሷን ለመመገብ ብቻ በዓመት 50 ያህል አጋዘን የሚያህሉ እንስሳት ያስፈልጓታል። አጋዘኑ እንዲኖር ሣሩ፣ ሣሩ እንዲኖር ጫካውና ምንጩ ሊኖሩ ግድ ነው። ታይገር በደኅና የሚኖርበት ጫካ ለሰውም ውኃ የሚሰጥ ጫካ ነው።

የአንዱ ታይገር መስመር ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። በህንድ አገር ቆጠራ የሚደረገው በጫካ ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች እያንዳንዱን በመስመሩ በመለየት ነው። ይህን ለልጆች ስንነግራቸው፣ ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ እንደማትወድቅ ጌታችን የተናገረውን (ማቴ. 10፥29) አብረን ልናስታውሳቸው እንችላለን።

ከመቶ ዓመት በፊት በእስያ አንድ መቶ ሺህ ያህል ታይገሮች እንደ ነበሩ ይገመታል። ቆዳቸው ለጌጥ፣ አጥንታቸው ለባህል መድኃኒት ሲሸጥ፣ ጫካውም ሲመነጠር፣ የባሊ፣ የጃቫና የካስፒያን ታይገሮች በ20ኛው መቶ ዓመት ፈጽመው ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ዱር የቀሩት 3,200 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ታይገር የሚገኝባቸው 13 አገሮች በሩስያ በሴንት ፒተርስበርግ ተሰብስበው ቁጥሩን እጥፍ ለማድረግ ቃል ተገቡ። ህንድ ታይገርን የመጠበቅ ሥራ የጀመረችው በ1973 ነው፤ በ2006 ቆጠራ 1,411 የነበሩት ታይገሮቿ በ2022 ከ3,100 በላይ ሆነዋል። በ2023 የመላው ዓለም ግምት ከ5,500 በላይ ደረሰ። በካምቦዲያ፣ በላኦስና በቬትናም ግን ከዱር ጠፍቷል። ልጆች ከዚህ ሁለት ነገር ይማራሉ፤ ሰው ማጥፋት እንደሚችል፣ ከልቡ ከተመለሰም መጠበቅ እንደሚችል። ንስሓ ለፍጥረትም ፍሬ ያፈራል።

ስለ ሻርክስ?

ሻርክን በዓለም ሕዝብ ዘንድ ካስፈሩት ነገሮች ዋናው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ አንድ ፊልም ነው። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ ከአንድ ዓመት በፊት ያሳተመው ፒተር ቤንችሊ ነበር። ይህ ደራሲ ስለ ሻርክ ዕውቀቱ ሲጨምር፣ እንዲያ ያለ መጽሐፍ ዳግመኛ እንደማይጽፍ ገልጾ፣ በ2006 እስኪሞት ድረስ ለሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖሯል። ባስተማረው ነገር መሳሳቱን አውቆ ተመልሶ ማረም ለደራሲም ለመምህርም ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

እውነቱ ይህ ነው፤ በመላው ዓለም ሳይተነኩሱት በሻርክ ተነክሰው የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በአማካይ በዓመት አሥር አይሞላም። ሰው በበኩሉ በየዓመቱ የሚገድላቸው ሻርኮች ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንደ ገመተው መቶ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ ይያዛሉ። ሌሎች ደግሞ ለሾርባ የሚሆን ክንፋቸው ብቻ ተቆርጦ በሕይወት እያሉ ወደ ባሕር ይወረወራሉ፤ ክንፍ የሌለው ሻርክ መዋኘት ስለማይችል ወደ ጥልቁ ሰምጦ ይሞታል። በ2021 በወጣ ጥናት መሠረት፣ በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖሩት ሻርኮችና የሻርክ ዘመዶች ከ1970 ወዲህ በ71 ከመቶ ቀንሰዋል።

ሻርክ እንደ ሌሎች ዓሦች በሺህ የሚቆጠር እንቁላል አይጥልም፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ጥቂት ልጆች ብቻ ይወልዳሉ፤ ለመውለድም ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ የሚኖር አንድ ዓይነት ሻርክ ከ250 ዓመት በላይ እንደሚኖርና ለመውለድ የሚደርሰውም ወደ 150 ዓመት ሲጠጋ እንደ ሆነ ሊቃውንት ገምተዋል። እንዲህ ያለው ፍጥረት በአንድ ትውልድ ስስት ከጠፋ በአንድ ትውልድ ጸጸት አይመለስም። ከሁሉ የሚተልቀው ሻርክ ደግሞ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ የሚመገበው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትንና ትናንሽ ዓሦችን ነው። ይህ ሻርክ በጎረቤታችን በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ይታያል። ልጆቻችን ክፉ የሚሉት ሻርክ ከድንበራችን ብዙ ሳይርቅ ማንንም ሳይጎዳ ይዋኛል።

የድኻው በግስ?

አንድ ምእመን እንዲህ ቢለን ትክክል ነው፤ «እናንተ ስለ አውሬ ትሰብካላችሁ፤ ትናንት ሌሊት ጅብ የበላብኝን አህያ ማን ይተካልኛል?» ይህን ጥያቄ ሸሽቶ የሚሰጥ ትምህርት እውነተኛ አይሆንም። በህንድና በባንግላዴሽ መካከል በሚገኘው ሱንዳርባንስ በተባለው የባሕር ዳር ጫካ፣ ማር ቆራጮችና ዓሣ አጥማጆች እስከ ዛሬ በታይገር ይገደላሉ፤ ባሎቻቸውን በታይገር ያጡ ሴቶች የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ። እነዚህ ሰዎች ወደ ጫካው የሚገቡት ሌላ እንጀራ ስለሌላቸው ነው። ያው ጫካ ግን በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል በመጣ ጊዜ ኃይሉን አብርዶ ብዙ ሰው አድኗል። ስለዚህ ጫካውንና ታይገሩን መጠበቅ ለድኻው ጥቅም ነው፤ የጥበቃውን ዋጋ ግን ድኻው ብቻውን እንዲከፍል መተው ፍትሕ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 2415-2418) ሚዛኑን ያስተምረናል። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ስለ ሆኑ ደግነት ይገባቸዋል፤ ያለ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ለሰው ክብር የማይገባ ነው። በሌላ በኩል ለሰው ችግር መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል አይገባም፤ ለሰው ብቻ የሚሰጠውንም ፍቅር ለእነርሱ መስጠት ልክ አይደለም። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በጉብዮ ከተማ ከተኵላው ጋር ስላደረገው ስምምነት የሚነገረው ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። ቅዱሱ ለከተማው ሕዝብ ጉዳታችሁን ቻሉት አላለም፤ ተኵላውንም ግደሉት አላለም። አውሬው የሚጎዳው ስለ ራበው መሆኑን አይቶ፣ ሕዝቡ እንዲመግበው፣ እርሱም እንዳይጎዳቸው አስማማ። በአገራችን ሥዕሎችም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል በሰላም ቆመው ይታያሉ። ቅድስና ባለበት ፍርሃት ከሁለቱም ወገን ይርቃል።

በሐረር ከተማ ጅቦች ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብተው ቆሻሻውን ጠርገው ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ከእነርሱ ጋር መኖርን ለምዷል። በትግራይ የተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ፣ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቆም ጅቦች የለመዱትን ትራፊ ስለሚያጡ አህያ ማደን እንደሚያበዙ አመልክቷል። የእኛ ገበታ ከእነርሱ ገበታ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። በጾም ወራት በረትን ይበልጥ አጥብቆ ማጠር፣ በሬሳ ላይ መርዝ ከመጨመር ይሻላል፤ መርዙ ጅቡን ብቻ ሳይሆን ጥንብ አንሣውንና የጎረቤትን ውሻ ይገድላልና።

የራሳችን ቀይ ቀበሮ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ልጆቻችን በስልክ ታይገርን ያውቃሉ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ግን አብዛኞቹ አያውቁትም። ይህ ረጃጅም እግሮች ያሉት ቀይ አውሬ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት ደጋዎቻችን፣ ይልቁንም በባሌ ተራሮች ይኖራል። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በሕይወት ያሉት አዋቂዎቹ በአገሪቱ ሁሉ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ናቸው።

ዋና ጠላቱ ጥይት አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ በሽታ በባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ፤ በ2008ና በ2014ም ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ውሾች ሲከተቡ ቆይተው፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ በተቀመጠ ክትባት መከተብ ጀምረዋል።

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ልብ እንበል። ይኸው በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ውሻውን ያስከተበ ሰው የጎረቤቱን ልጅም የባሌን ቀበሮም አዳነ። ሰውን መውደድና ፍጥረትን መጠበቅ ሁለት መንገድ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለንም።

በመንዝ ጓሳም አባቶች ለመቶ ዓመታት ያቆዩት ቄሮ የተባለ ሥርዓት ነበራቸው። የጓሳው ሣር ለዓመታት ይዘጋል፤ በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ይታጨዳል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ለቤታቸው ክዳን ሣሩን ሲጠብቁ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውንም ጠበቁ። መጠበቅ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የረሳነው የአባቶቻችን ትምህርት ነው።

ለመምህራን ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ ልጅን በአውሬ አናስፈራራ፤ አውሬው የቤት እንስሳ እንደ ሆነ አድርገንም አንሸንግለው። አውሬ ከሩቅ የሚከበር ጎረቤት ነው እንበለው።

ሁለተኛ፣ ልጆች አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ እናድርግ። «እርስዎ ልጅ ሳሉ በዚህ ቀበሌ ምን ዓይነት አራዊት ነበሩ? የትኞቹ ጠፉ?» የሽማግሌው መልስ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ልባቸውን ይነካዋል።

ሦስተኛ፣ ኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል፤ ለዚህችም ትንሽ ትእዛዝ አባትንና እናትን ለማክበር የተሰጠውን የረጅም ዕድሜ ተስፋ ይጨምርላታል። ለሕፃን እጅ የምትመጥን ትእዛዝ ናትና በቃላቸው ይያዟት።

አራተኛ፣ ትምህርቱ በሥራ ይደምደም። በቁምስናው ያሉ ቤተሰቦች ውሾቻቸውን እንዲያስከትቡ ልጆቹ መልእክተኞች ይሁኑ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድም ይማሩ።

አምስተኛ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1979 ቅዱስ ፍራንቸስኮስን የሥነ ምኅዳር ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰይመዋል፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» የተባለውን መልእክት ጽፈው፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ዕለት እንዲሆን ደንግገዋል። ይህ ዕለት በእኛ ነሐሴ 26 ይውላል፤ በየቁምስናው ከልጆች ጋር ብናከብረው መልካም ነው።

የልጆቹ ሁለተኛ ጥያቄ

በሚቀጥለው እሑድ መምህሩ በልጆቹ ፊት ቆሞ፣ ባለፈው የሰጠው መልስ ትክክል እንዳልነበረ ተናገረ። ሻርክንም ታይገርንም የፈጠረ ያው እኛን የፈጠረ አምላክ መሆኑን፣ ሰይጣን ማጥፋት እንጂ መፍጠር እንደማይችል አስረዳቸው። ልጁ ጥቂት አስቦ «እንግዲያው እግዚአብሔር ሻርክን ይወደዋል?» አለ። መምህሩም መጽሐፈ ጥበብን (11፥24) ከፍቶ፣ እግዚአብሔር ያለውን ነገር ሁሉ እንደሚወድ፣ ከፈጠረውም አንዱን እንኳ እንደማይንቅ አነበበላቸው።

ያን ጊዜ «ሰይጣን ነዋ» ያለችው ልጅ ተነሥታ «እግዚአብሔር ከወደደው ትልልቅ ሰዎች ለምን ይጨርሱታል?» ስትል ጠየቀች። በዚህ ጊዜ ማንም አልሣቀም። ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በቤታችን፣ በበረታችን፣ በገበያችንና በጫካችን ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ጊዜ ሳለ እንመልስላት።

ፍጥረትን ሁሉ በጥበቡ የሠራ፣ በምድር ላይ ላሉት ሁሉ እጁን ከፍቶ የሚመግብ አምላክ ለእኛ የጠባቂነትን ልብ፣ ለልጆቻችንም ሥራውን የሚያዩ ዓይኖች ይስጥልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘላለም ይሁን፤ አሜን።